መስጠትና መልቀቅ

አንድ ባለጸጋ ከሠራተኞቹ ደመወዝ የቀነሰውን ገንዘብ በቤተ መጻሕፍት መልክ ለከተማቸው ቢመልስ፣ ሰጠ እንበል ወይስ ዕዳውን ከፈለ?

የብረት ከበርቴው አንድሩ ካርኔጊ እ.ኤ.አ. በ1889 ባሳተመው ድርሰት ሀብታም የሀብቱ ባለአደራ ነውና በሕይወት ሳለ ለሕዝብ ጥቅም ያውለው ብሎ ነበር። ይህን የሚቃወም ጥቂት ነው። ምክንያቱ ግን ያከራክራል፦ ያው ገንዘብ በጥቂት በጥቂቱ ለብዙዎች ቢከፋፈል ይባክናል፣ ሀብት የማፍራት ችሎታ ያለው ሰው ቢያስተዳድረው ግን ለሁሉም ይበጃል አለ። በ1892 በፔንሲልቬንያ፣ ሆምስቴድ የሚገኘው ፋብሪካው የደመወዝ ቅነሳ ሲያቀርብ ሠራተኞቹ እምቢ አሉ። ካርኔጊ ስኮትላንድ ሳለ ሥራ አስኪያጁ ሄንሪ ፍሪክ ወደ 300 የሚጠጉ የፒንከርተን ቅጥር ዘበኞችን አስመጣ። በተነሣው ግጭት ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ፤ የሠራተኞቹ ማኅበርም ተሰበረ። በ1898 እዚያው አጠገብ የካርኔጊ ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። በቀን 12 ሰዓት እሳት ፊት የሚቆም ሰው ግን መቼ ገብቶ ያንብብ?

አንዳንዶች ነቀፋውን በገንዘቡ ምንጭ ላይ አቆሙት። በ1905 ቄስ ዋሽንግተን ግላደን ከነዳጅ ከበርቴው ሮክፌለር ለሚስዮን የተሰጠውን 100,000 ዶላር የረከሰ ነው ብለው ተቃወሙ። ይህ ክርክር ግን ሩቅ አይወስድም። በ1909 ሮክፌለር የአንጀት ትልን ከአሜሪካ ደቡብ ለማጥፋት 1 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ገንዘቡ ቢመለስ የተበደለው አይካስም፤ ታማሚውም አይድንም።

የሚከብደው ጥያቄ የሥልጣን ነው። በ1914 በኮሎራዶ፣ ለድሎ ላይ የአድማ መቺ ማዕድን ቆፋሪዎች የድንኳን ሰፈር ተቃጥሎ 11 ሕፃናት ሞቱ። የማዕድን ኩባንያው ዋና ባለድርሻ የሮክፌለር ቤተሰብ ነበር። በዚያው ዓመት የሮክፌለር ፋውንዴሽን የአሠሪና ሠራተኛን ግንኙነት እንዲያጠኑ ካናዳዊውን ፖለቲከኛ ማኬንዚ ኪንግን ቀጠረ። ተከሳሹ የዳኛውን ደመወዝ ከምጽዋቱ ከፈለ ማለት ነው። በፍራንክ ዋልሽ የተመራው የመንግሥት ኮሚሽንም ይህን አጥብቆ መረመረ፤ ሕዝብ ያልመረጠው ሰው የሕዝብን ጉዳይ በገንዘቡ ይወስን?

ለካርኔጊ አንድ ነገር መመስከር ይገባል። ለከተሞች የቤተ መጻሕፍት ሕንፃ ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ ከተማው ቦታውን እንዲያቀርብና በየዓመቱ የስጦታውን አንድ አሥረኛ ያህል እንዲመድብ ያስገድድ ነበር፤ በዚህም ቤተ መጻሕፍቱ በከተማው እጅ ገባ። የሲርስ የንግድ ኩባንያ መሪ የነበረው ጁሊየስ ሮዘንዋልድ ከዚህም አለፈ። ከጥቁር አሜሪካዊው የትምህርት መሪ ከቡከር ቲ. ዋሽንግተን ጋር ጀምሮ፣ በአሜሪካ ደቡብ ለጥቁር ሕፃናት ወደ 5,000 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች እንዲሠሩ ረዳ፤ ፋውንዴሽኑም ዋናውን ገንዘብ ጨርሶ እንዲዘጋ አዘዘ። በ1948 ተዘጋ። ይህም ንጹሕ አልነበረም፤ ግብር ከፍለው የሚገባቸውን ትምህርት የተነፈጉ ጥቁር ወላጆች ሮዘንዋልድ ከማኅበረሰቡ የጠየቀውን ድርሻ ለማሟላት ሌላ ገንዘብ አዋጡ።

እንግዲህ ስጦታ የሚመዘነው ተቀባዩ ከተቀበለ በኋላ ሰጪውን እምቢ ማለት በመቻሉ ነው። የሆምስቴድ ሠራተኛ በተቀነሰበት ገንዘብ ጠላም ይግዛበት መጽሐፍ፣ ማንንም ማስፈቀድ አያሻውም ነበር። ካርኔጊ ብክነት ብሎ የፈራው ይህንኑ ነጻነት ነው።