ከተማ ሰውን ሰነፍ ታደርጋለችን?

አንባቢ ሆይ፥ የገጠር ሰው በራሱ ይቆማል፥ የከተማ ሰው ግን በመንግሥት ትከሻ ይደገፋል ሲባል ሰምተህ ይሆናል። ነገሩን ሳትመረምር አትፍረድ። ገበሬው ውኃውን ከምንጭ ይቀዳል፤ አዝመራ በደረሰ ጊዜ ግን ደቦ ጠርቶ በጐረቤቱ ክንድ ያጭዳል። የከተማ ሰው ውኃ በቧንቧ ይመጣለታል፤ ያን ቧንቧ ብቻውን ከሩቅ ስቦ ያመጣ ዘንድ ማን ይችላል? ስለዚህ ውኃው በጠፋ ጊዜ ወደ ሹም መጮኹ ስንፍና አይደለም።

ስንፍና የሚመስል ልማድ ከወዴት እንደሚመጣ ታውቅ ዘንድ ብትወድ፥ የአዲስ አበባን ቤቶች ተመልከት። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ብዙ ቤቶችም በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ ጥቂት ነበረ፤ ተከራዩ ግን ቤቱን እንደ ወደደ ያድስ ዘንድ ሥልጣን አልነበረውም። ጣራው ሲያፈስ ከሥሩ ሳሕን አኑሮ አዳሽ ይጠብቅ ነበር፤ ቤቱም አረጀ። ታዲያ ይህን ሰው ሰነፍ ትለዋለህን? ያው ሰው የዕድሩን መዋጮ በየወሩ ይከፍል ነበር፤ ጐረቤቱ በሞተ ጊዜም ሹም ሳያዝዘው ድንኳን ይተክል፥ ከኀዘንተኛው ጋር ያድር ነበር። የዕድሩ ዳኛ ቅጣት ያስፈራው እንደ ነበረ አይካድም፤ ዳኛውን ግን የመረጠው እርሱ ራሱ ነው።

ነገር ግን የደጅህን ቦይ በጥራጊ ደፍነህ፥ ክረምት በገባ ጊዜ ማዘጋጃ ቤቱን የምትረግም ከሆንህ፥ ይህ ከዚያ ጋር አይቈጠርልህም። ቦዩን ትቈፍር ዘንድ ማንም አልጠየቀህም። ጎርፉም በአንተ ደጅ አይቆምም፤ ቁልቁል ወርዶ ከበታችህ ወዳለው ጐረቤትህ ቤት ይገባል።