ስለ ቤት ጥበቃና ስለ ጎረቤት ክብር

ቤትን ከሌባ መጠበቅ በደል አይደለም። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሁሉ ሰው እንዳይወድቅበት ለሰገነቱ መከታ እንዲያበጅ ያዝዛል፤ እንግዲህ ቤትን ማጽናት ባልንጀራን ከመጠበቅ አይለይም። ዛሬ በበረንዳና በአጥር ላይ ስለሚተከለው ካሜራም በዚሁ ሚዛን እንመዝን።

በከምባታ ምድር በሺንሺቾ የአንዱ ጓሮ እንሰት ከሌላው ጓሮ ይዋሰናል። ካሜራው ጥቂት ቢያዘነብል የሚያየው ሌባውን ሳይሆን እንሰት የምትፍቀውን ጎረቤት ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 9 ካም የአባቱን ዕርቃን አይቶ አወራ፤ ሴምና ያፌት ግን ፊታቸውን መልሰው ሸፈኑ፤ በረከትንም አገኙ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት አስከብሯል።

ስለዚህ ምእመናን ሆይ፥ ካሜራውን የሚተክል ሰው ወደ ራሱ በርና ግቢ ብቻ ያቅናው፤ የሚያየውንም ለጎረቤቱ አስቀድሞ ያሳየው፤ የተቀረጸውን ለወሬ አያውጣው። ካሜራ ሌባን ያያል እንጂ ሮጦ አይዝም፤ በሌሊት ጩኸት ሲሰማ ፈጥኖ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። እርሱን ያስቀየመ ሰው ታላቁን አጥሩን በገዛ እጁ አፍርሷል። ማስተዋሉን እግዚአብሔር ያድለን።