ቤት ቆልፈን ስንሄድ ውስጥ የሚቀረው



የዛሬው ጉዳይ ከአረብ ሀገር በውስጥ መስመር ከደረሰን ጥያቄ ይነሳል። ጠያቂዋ የከምባታ ልጅ ናት፤ ጅዳ ውስጥ በሰው ቤት ትሠራለች። አሠሪዎቿ ለአንድ ወር ዕረፍት ወደ ውጭ ሊሄዱ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ትልቅ የመስታወት ገንዳ አለ፤ በውስጡ የባሕር ውሃ፣ ባለ ቀለም ዓሣና ኮራል። ማዳም "ዓሣዎቹን አደራ" ብላታለች። ጥያቄዋ አጭር ነው፦ "ቢሞቱብኝ አላህ ዘንድ እጠየቃለሁ ወይ? ዋጋውንስ ከደመወዜ መቁረጥ ይችላሉ?"

ሆሳዕና ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው ነገሩ የሀብታም ጨዋታ ይመስላል። ግን ነፍስ ያለው ነገር ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል አንዓም 38ኛው አንቀጽ በምድር የሚሄደውም በክንፉ የሚበረውም እንደኛው ሕዝብ መሆኑን ነግሮናል።

መጀመሪያ ገንዳው ምን እንደሆነ እንወቅ። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ጥቃቅን እንስሳት ተሰባስበው የገነቡት የኖራ ቤት ነው፤ ባለቤቶቹም በላዩ በሕይወት አሉ። ባሕር ውስጥ ውሃውን የሚያናውጠው ማዕበል ነው። ገንዳ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። መብራት ለብዙ ሰዓት ከጠፋ ዓሣው የሚሞተው ተርቦ አይደለም፤ አየር አጥሮት ነው። ውሃው በየቀኑ ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም፤ ስለዚህ የጎደለው የሚሞላው በተጣራ ጨው አልባ ውሃ ነው። በጨው ውሃ ከተሞላ ጨውነቱ እየበዛ ይሄዳል። ደግሞ አደራ የተቀበለ ሰው ብዙ ጊዜ ዓሣን የሚገድለው በማዘን ነው፤ አብዝቶ ያበላዋል። የተረፈው ምግብ ይበሰብስና ውሃውን ይመርዘዋል። ጤነኛ ዓሣ ጥቂት ቀን ጾሙን ቢውል ይችላል፣ የተመረዘ ውሃን ግን አይችልም።

እህቴ፣ እንግዲህ ከመሄዳቸው በፊት እነዚህን ጠይቂ። የእያንዳንዱን ቀን ምግብ በትንንሽ ዕቃ ለክተው ይተዉልሽ። ውሃው እስከ የት መድረስ እንዳለበት መስታወቱ ላይ ምልክት ያድርጉ። መብራት ቢጠፋ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይኑር፤ የሚደወልለት ባለሙያም ይታወቅ። ቢቻል ሁለት ሦስት ቀን እነሱ ባሉበት አንቺ ሥሪው፤ የተሳሳተውን ያኔ ያርሙሻል።

ስለ ተጠያቂነቱ፦ በፊቅህ አደራ ተቀባይ "አሚን" ይባላል፤ ታማኝ ማለት ነው። የታዘዘውን ጠብቆ ሳለ ንብረቱ ቢጠፋ ዕዳ የለበትም። ዕዳ የሚመጣው ቸል ሲል ወይም ወሰን ሲያልፍ ነው። የኢማም ነወዊ "ሚንሃጅ" ላይ እንስሳ በአደራ ተቀብሎ ቀለቡን የተወ ሰው እንደሚጠየቅ ተቀምጧል። ባለቤቱ ራሱ "አታብላው" ብሎ ከሆነ ግን፣ ትክክለኛ ነው በተባለው አቋም፣ አደራ ተቀባዩ አይከፍልም። ስለዚህ የተባልሽውን አድርገሽ መብራት ጠፍቶ ቢሞቱ አንቺ ላይ ምንም የለም። ተኝተሽ አምስት ቀን ብትረሺያቸው ሌላ ጉዳይ ነው። ያለ ጥፋትሽ ደመወዝሽን የሚቆርጥ ሰው ደግሞ፣ ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ሠራተኛን አሠርቶ ዋጋውን የከለከለን አላህ ራሱ በቂያማ ቀን እንደሚሟገተው ይወቅ።

ወደ ድመቷ ሐዲስ እንምጣ። ሁላችንም ሰምተነዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ሴትዮዋ ድመቷን አልደበደበቻትም፣ አላቃጠለቻትም። ዘጋችባትና ተወቻት። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲነግሩን ሁለት ነገር ነው ያነሱት፤ አላበላቻትም፣ የምድር ተባይ ለቅማ እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ለድመቷ ሁለት በር ነበራት፤ ሁለቱም ተዘጋ። የገንዳ ዓሣ ግን ሁለተኛው በር ከመጀመሪያውም የለውም። ወዴት ይለቀቃል? ስለዚህ እንዲህ ያለ ፍጥረት የሚያኖር ሰው ሸክሙ ከድመት ባለቤት ይከብዳል።

ማኖሩ ራሱ ሐራም ነው ማለታችን አይደለም። የአነስ ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር ትንሽ ወፍ ነበረችው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ወፏ እየጠየቁ ያጫውቱት ነበር። ኢብኑል ቃስ የተባሉ የሻፊዒይ ዓሊም ከዚህች አጭር ሐዲስ ብቻ 60 ትምህርት አውጥተው ጽፈዋል። ዑለማኦች ለልጅ መጫወቻ ወፍ ማኖር እንደሚቻል የተረዱት ከዚሁ ነው፤ ቀለቧ ካልተጓደለ።

አሁን ጥያቄውን ወደ ጠያቂዋ እናዙረው። ለዓሣው ምግብ ተለክቷል፣ አየሩ ታስቧል። ለልጅቷስ? ከመልሳችን ጋር ጠየቅናት፦ የበሩ ቁልፍ አንቺ ጋር ይቀራል? የወሩ አስቤዛ ተገዝቷል? ብትታመሚ ለማን ትደውያለሽ? መልሷን እዚህ አንጽፈውም። ግን ስለ ዓሣ ስትጨነቅ ስለ ራሷ አንድ ቃል አለመጠየቋን ልብ በሉ።

ሙስሊም የዘገቡት አንድ ታሪክ አለ። ዐብደላህ ኢብኑ ዐምር ጋር የንብረቱ ተቆጣጣሪ ገባ። "ለአገልጋዮቹ ቀለባቸውን ሰጠህ?" አለው። "አልሰጠሁም" ሲል ወዲያው ሄዶ እንዲሰጣቸው አዘዘው። ከዚያ በእጁ ያሉትን ሰዎች ቀለብ መያዝ ብቻውን ለሰው በቂ ኃጢአት መሆኑን ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጠቅሶ ነገረው። 

ይህን አንብቦ አረቦቹን መርገም ቀላል ነው። እኛስ? ሆሳዕና፣ ዱራሜ፣ ሺንሺቾ ውስጥ ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ስንት አለች? ዐረፋ ሲደርስ ቤተሰቡ ወደ ወራቤ፣ ወደ ሀላባ ቁሊቶ ወይም ወደ አያት መንደር ይጫናል። እሷ "ቤት ጠባቂ" ሆና ትቀራለች። ግቢው ከውጭ ተቆልፎባት ከሆነ፣ ወንድሜ፣ ስለ ድመቷ የሰማኸው ሐዲስ ለማን ነው የተነገረው?

ለዒድ የተገዛው በግም አለ። ሦስት ቀን በፊት ይገዛል፣ ገመዱ አጥሮ ፀሐይ ላይ ይታሰራል። "ነገ ለሚታረድ ምን ውሃ ያስፈልገዋል" የሚል ሰው አይጠፋም። ለመታረድ እንኳ ቢላው እንዲሳል፣ እንስሳው እንዳይሰቃይ የታዘዘበት ዲን ነው የያዝነው! የመዲና ግመል በረሃብና በድካም አልቅሳ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከጆሮዋ ኋላ ዳብሰው ባለቤቷን አላህን እንዲፈራ ነግረውታል፤ አቡ ዳውድ ዘግበውታል።

ሐዲያና ከምባታ ውስጥ ላም ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ስታድር የኖረች ናት፤ ድርቆሽና የእንሰት ቅጠል የሚያመጣላት ሰው መቼም አይጠፋም ነበር። ከተማ ገብተን ግቢ አጥረን በር ቆልፈን መውጣት ስንለምድ ነው ነገሩ የተበላሸው። ዶሮዎቹን ዘግተን እንሄድና "አላህ ሪዝቃቸውን ይሰጣል" እንላለን። እውነት ነው፣ ይሰጣል፤ በሩን የዘጋኸው ግን አንተ ነህ። ግመሉን ልሰር ወይስ ልመካ ብሎ ለጠየቀው ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የመለሱት አስሮ እንዲመካ ነው።

"ጎረቤቶቼ ጴንጤ ናቸው፣ ለማን አደራ ልስጥ?" የሚል ወጣትም አይጠፋም። ሂጅራን አስቡ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሊገድሏቸው ከሚፈልጉ ሰዎች መካከል ሲወጡ እንኳ በእጃቸው የነበረውን የሰው አደራ እንዲመልስ ዐሊይን መካ አስቀርተዋል። የራሳቸውንና የአቡበክርን ሁለት ግመሎች ደግሞ ለዐብደላህ ኢብኑ ኡረይቂጥ ሰጡ። ያኔ በቁረይሾች ሃይማኖት ላይ የነበረ፣ መንገድ ለመምራት የተቀጠረ ሰው ነው። ቀጠሯቸው ከሦስት ሌሊት በኋላ ሠውር ዋሻ ነበር። በቀጠሮው ጠዋት ሁለቱን ግመሎች ይዞ መጣ።