ለልጅ ሲባል የሚመረጥ ሰፈር

ወላጅ ለልጁ የተሻለውን መሻቱ የሚያከራክር ነገር አይደለም። የሚያከራክረው፣ የተሻለ ትምህርት ከቤት ዋጋ ጋር ተጣብቆ በሚሸጥበት አገር ገዢው በሌላው ሰው ልጅ ፊት ያለበት ኃላፊነት ነው።

በአሜሪካ ከተሞች ዳርቻ መኖሪያ የሚፈልግ ቤተሰብ የመኝታ ክፍሎቹን ብዛት ከመጠየቁ አስቀድሞ ቤቱ የሚገኝበትን የትምህርት ቤት ክልል ይጠይቃል። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የሰፈሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችም ከዚህ ጥያቄ አላመለጡም። በብዙ ሥፍራ የትምህርት ቤቱ በጀት በከፊል የሚሰበሰበው ከአካባቢው የቤትና የመሬት ግብር በመሆኑ፣ ቤቱ ሲወደድ ትምህርት ቤቱ ይደረጃል፤ ትምህርት ቤቱ ሲደረጅም ቤቱ ይበልጥ ይወደዳል።

በቴክሳስ ግዛት የሳን አንቶኒዮ ከተማ ወላጆች ያነሡት ክርክር የዚህን ሥርዓት ባሕርይ አጋልጧል። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲወሰን በመዝገቡ እንደ ሰፈረው፣ የድሆቹ የኤጅውድ ወረዳ ነዋሪዎች ከያንዳንዱ 100 ዶላር የንብረት ግምት 1 ዶላር ከ5 ሳንቲም ሲከፍሉ፣ ባለጸጎቹ የአላሞ ሃይትስ ነዋሪዎች የሚከፍሉት 85 ሳንቲም ነበር። ሆኖም ወረዳው ለግዛቱ ከሚያዋጣው በላይ ለአንድ ተማሪ የተረፈው በኤጅውድ 26 ዶላር፣ በአላሞ ሃይትስ 333 ዶላር ሆነ። ድሃ ለልጁ ትምህርት ግድ የለውም የሚሉ ሰዎች ይህን አኃዝ ደጋግመው ቢያነቡት መልካም ነው። ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ ትምህርት በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት የተጠበቀ መሠረታዊ መብት አይደለም ሲል አቤቱታውን ውድቅ አደረገ። የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ1989 የግዛቱን ሕገ መንግሥት መሠረት በማድረግ ሥርዓቱን ሽሮታል።

ሰፈር የሚያማርጠው ወላጅ የሚመረምረው የፈተና ውጤትም ራሱ መመርመር ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 ጄምስ ኮልማን የመሩት ሰፊ ጥናት፣ የተማሪ ውጤት ከትምህርት ቤቱ ቁሳቁስ ይልቅ ከቤተሰቡ ኑሮ ጋር አጥብቆ እንደሚያያዝ አመልክቷል። ከፍተኛ ውጤት ያስመዘገበ ትምህርት ቤት ምስጋናው የመምህራኑ ይሁን የወላጆቹ ደመወዝ፣ ከቁጥሩ ብቻ አይለይም። ደካማ ተማሪን ከጨለማ ያወጣ መምህር ስሙ በሰንጠረዡ ላይ አይወጣም።

በኢትዮጵያ ገጠር ትምህርት ቤት የራቀበት ገበሬ ልጁን ከተማ ወዳለች አክስቱ ይልካል። ልጁ ውኃ እየቀዳ፣ እየተላላከ ይማራል፤ ነገሩም እንደ ዝምድና ወግ ይታያል። በኦሃዮ ግዛት ግን የአክረን ከተማ ነዋሪ የሆነች አንዲት እናት ሁለት ሴት ልጆቿን በአያታቸው አድራሻ አስመዝግባ በተሻለ ትምህርት ቤት በማስተማሯ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ሰነድ አጭበርብረሻል ተብላ ተፈረደባትና 9 ቀን ታሰረች። አድራሻውን በገንዘብ የገዛ ወላጅ አርቆ አሳቢ ይባላል።

ታዲያ ደካማውን ትምህርት ቤት ትቶ የሄደው ወላጅ በደለኛ ነውን? አይደለም። ሕፃን ሥርዓት እስኪቃና ድረስ ከማደግ አይቆምም፤ የኅብረተሰቡንም ጉድለት በእሱ ዕድሜ መክፈል ግፍ ነው። በደሉ የሚጀምረው ከገባ በኋላ በሩን ሲዘጋ ነው። የትምህርት ቤቱ ክልል እንዲሰፋ ወይም አነስተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች የሚከራዩት ሕንፃ በሰፈሩ እንዲሠራ ሐሳብ ሲቀርብ፣ ይኸው ወላጅ ተነሥቶ የሚቃወም ከሆነ በዚያ ስብሰባ የሚሟገተው ለልጁ አይደለም፤ ለቤቱ ዋጋ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያቀርበው ምክንያት የመኪና ብዛትና የክፍል ጥበት ነው። ክፍል ጠብቦ እንደሆነ መቁጠር ይቻላል፤ ሌላ ክፍል መሥራትም ይቻላል።