ይቅር ያለ ሰው ካሳ ይጠይቃል?

ሰሊጥ የሚታጨድበትን ሰሞን አስቡ። ከደጋ ለሥራ የወረደ አንድ አማኝ ገንዳ ውሃ ላይ መንገድ ዳር ቆሟል እንበል። ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርድ የጭነት መኪና መስመሩን ስቶ እግሩን ይሰብረዋል። ጎንደር ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሽማግሌዎች ይመጡና “ስለ ክርስቶስ ብለህ ማር” ይሉታል። እሱም “ምሬአለሁ፣ ጌታ ይክሰኛል” ይላል። ወዲያው “ምንም ጥያቄ የለኝም” የሚል ወረቀት እንዲፈርም ይቀርብለታል።

ምሕረቱ መልካም ነው። ወረቀቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ይቅርታ ቂምን ይፈታል፤ ካሳ የጎደለውን ይሞላል። ቆላ ላይ አራሚና አጫጅ የሚበላው በእግሩ ነው። የደረሰ ሰሊጥ ካልታጨደ ይረግፋል፤ ስለዚህ ቀጣሪው የሚያነክስ ሰው አይመርጥም። በዚያ እግር የሚያድሩት ደግሞ ደጋ የቀሩት እናትና ልጆችም ናቸው። ሰው የራሱን ቂም መተው ይችላል። የልጆቹን እንጀራ በእነሱ ስም እንዲተው ግን ማን ፈቀደለት?

ዘጸአት 21ን አንብቡ። በጠብ ተመትቶ የተኛ ሰው ተነሥቶ በምርኩዝ ከሄደ መቺው ከቅጣት ነፃ ነው፤ ሥራ የፈታበትን ጊዜ ግን ይከፍላል፣ ያሳክመዋልም። ሜምፊቦስቴም አለ። በአምስት ዓመቱ ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወድቆ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ዳዊት በማዕዱ አስቀመጠው፤ በዚያ ብቻ ግን አላበቃም። የሳኦልን እርሻ መለሰለት፣ ሲባም ከ15 ልጆቹና ከ20 አገልጋዮቹ ጋር እንዲያርስለት አዘዘ። ማረስ ለማይችል ሰው ባዶ መሬት ምን ይሠራለታል?

“ጳውሎስ ግን የቆሮንቶስን ምእመናን ከመካሰስ መበደልን ምረጡ ብሎ የለም?” ትሉኝ ይሆናል። ከባድ ጥያቄ ነው፣ ላለዝበውም አልፈልግም። እዚያ የሚናገረው ወንድም ወንድሙን በማያምኑ ፊት ስለ መክሰሱ ነው። ባለመኪናው የጉባኤያችሁ ሰው ከሆነ በሽማግሌ ጀምሩ፤ ከድርሻችሁም ብትተዉ እናንተ ታውቃላችሁ። ይኸው ጳውሎስ ግን ፊልጵስዩስ ላይ ያለ ፍርድ ተገርፎ በስውር ውጣ ሲባል እምቢ ብሏል።

ከፋዩ ማን እንደሆነም እወቁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተሽከርካሪ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን፣ ራሱ ባያጠፋም፣ ኃላፊ ያደርገዋል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ደግሞ ባለመኪና ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ ያስገድዳል፤ ገጭቶ ለተሰወረ መኪና እንኳ የመድን ፈንድ አለ። ሹፌሩ ብዙ ጊዜ እንደ ተጎጂው ተቀጣሪ ድኻ ነው። እሱን ከልብ ምሮ፣ ታስሮም ከሆነ ጠይቆ፣ ካሳውን ከመድን ድርጅቱ መጠየቅ እርስ በርሱ አይጣላም። ሐኪሞች የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ሲጽፉ “ትንሽ ከፍ አድርጉልኝ” ማለት ግን ስርቆት ነው፤ የእግር ሕመም ያንን ሕጋዊ አያደርገውም።

ያ ሰው ለአገሩ እንግዳ ነው፣ ምናልባትም ፊደል አልቆጠረም። ኅብረታችሁ ይጸልይለታል፣ መልካም። ከመካከላችሁ የትራፊክ ፖሊሱን ሪፖርት፣ የሆስፒታሉን ማስረጃና ደረሰኞቹን የሚሰበስብለት፣ ማመልከቻም የሚጽፍለት አንድ ሰው መድቡ። ክስ ማቅረቢያው ጊዜ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሁለት ዓመት ነው፤ የሚቆጠረውም ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ ነው።