ዕዳ በዕዳ ሲባዛ

«ነጌቲቭ በነጌቲቭ ሲባዛ ፖዘቲቭ ነው።» ይህን ደንብ በልጅነቴ በቃሌ ይዤው ፈተናም አልፌበታለሁ፤ ልቤ ግን አልተቀበለውም ነበር። ነጌቲቭ ቁጥር እንደ ዕዳ ነው ተብዬ ስለተማርኩ፣ ዕዳ በዕዳ ተባዝቶ እንዴት ሀብት ይሆናል እያልኩ እጨነቅ ነበር። ብጠይቅ ያገኘሁት መልስ «ሕጉ ነው» የሚል ብቻ ነው።

ፈረንሳዊው ደራሲ ስታንዳልም ልጅ ሳለ ይኸው ጥያቄ እንዳስጨነቀው፣ መምህራኑም እንዳላረኩት ስለ ሕይወቱ በጻፈው መጽሐፍ ተናግሯል። ከእሱ እጅግ ቀድሞ፣ በ628 እ.ኤ.አ.፣ የሕንዱ ሊቅ ብራህማጉፕታ ቁጥሮችን ሀብትና ዕዳ ብሎ ከፍሎ፣ የሁለት ዕዳዎች ብዜት ሀብት ነው ሲል ደንግጎ ነበር። ነገር ግን የደንቡ ጥንታዊነት ጥርጣሬዬን አልፈታልኝም፤ ስሕተትም ያረጃልና።

ስለዚህ ጥያቄዬን ራሱን መረመርኩ። ዕዳን በዕዳ ማባዛት ምን ማለት ነው? ብር በብር አይባዛም። 4 ብርን 3 ጊዜ ስል፣ 4ቱ ገንዘብ ነው፤ 3ቱ ግን የጊዜ ብዛት ነው። በባለሱቁ የዱቤ ደብተር ላይ 4፣ 4 ብር 3 ጊዜ ቢጻፍብኝ 12 ብር ዕዳ አለብኝ። ባለሱቁ ሦስቱንም ቢሰርዝልኝ በ12 ብር ተጠቀምኩ። ሦስት ጊዜ መሰረዝ −3 ጊዜ እንደማለት ነው፤ ዕዳ መሰረዝም ጥቅም ነው። ይህ ደስ አሰኘኝ፤ ሆኖም ምሳሌ ማስረጃ አይሆንም ብዬ ገና ተጠራጠርኩ።

ቀጥዬ መልሱን አስቀድሜ በማውቀው ስሌት ልፈትነው አልኩ። 8 ማለት 10 ሲቀነስ 2 ነው፤ 7 ማለት 10 ሲቀነስ 3 ነው። 10 በ10፣ 100። 10 በ−3፣ −30። −2 በ10፣ −20። እስከዚህ 50 ነው። የቀረው −2 በ−3 ነው። −6 ካልኩ ድምሩ 44 ይሆናል፤ 6 ካልኩ 56። 8 ጊዜ 7 ደግሞ 56 መሆኑን ማንም ቆጥሮ ያገኘዋል። ምክንያቱን ለማየት በ10 ረድፍ 10፣ 10 ጠጠር ደረደርኩ። ከጎን 3 ዓምድ፣ ከታች 2 ረድፍ ስቀንስ፣ በማዕዘኑ ላይ ያሉትን 6 ጠጠሮች ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ቀንሻቸዋለሁ። ስለዚህ አንድ ጊዜ መመለስ አለባቸው። ያ መመለስ ነው ፖዘቲቩ።

ጠጠር በሌለበትስ? 4 እና −4 ሲደመሩ 0 ናቸው። −3 በ0 ሲባዛም 0 ነው። ድምርን ማባዛት እያንዳንዱን ተደማሪ አባዝቶ መደመር ከሆነ፣ −3 በ4 እና −3 በ−4 ተደምረው 0 መምጣት አለባቸው። የመጀመሪያው −12 ነው። እንግዲህ ሁለተኛው ከ12 በቀር ሊሆን አይችልም።

ጥርጣሬዬ እዚህ ላይ ዐረፈ። ደንቡን ባልቀበል፣ በጠጠር የማውቀው የማባዛት ሕግ ከዜሮ በታች ስወርድ ይፈርሳል፤ ብቀበለው ግን ከላይም ከታችም አንድ ሆኖ ይጸናል። ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ልጅ «ለምን?» ሲላችሁ «ሕጉ ነው» አትበሉት። 100 ጠጠር ስጡትና የማዕዘኑን 6 ራሱ ያግኛቸው።