ገጥመን ስንጨርስ

ፐዝል ገጣጥማችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ሥዕል ተቆራርጦ በሣጥን ይሰጣችኋል፤ ሥራችሁ ቁራጮቹን እየፈለጉ መልሶ አንድ ማድረግ ነው። ጨዋታው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ገደማ ነው። ጆን ስፒልስበሪ የተባለ የለንደን ሰው ካርታ በእንጨት ላይ ለጥፎ በየአገሩ ድንበር ቆራረጠው፤ ልጆችም መልክዐ ምድር ተማሩበት።

ዛሬ በዚሁ ጨዋታ በዩክሬን የጠፉ የጥበብ ሥራዎች ይታወሱበታል። ይህን ስሰማ ልቤን የከበደው ጥያቄ አንድ ነበር፦ የሰው ሐዘን መጫወቻ ይሆናል ወይ? መልሱን ከመፈለጋችን በፊት ምን እንደጠፋ እንይ።

በየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. ከኪየቭ ብዙም በማይርቀው በኢቫንኪቭ ያለው ሙዚየም በጦርነቱ ተቃጠለ። የአካባቢው ሰዎች ከእሳቱ መካከል የማሪያ ፕሪማቼንኮን ሥዕሎች አወጡ። ሸራና ወረቀት ተሸክሞ መሸሽ ይቻላል። ግድግዳ ላይ የተሣለውስ?

ፖሊና ራይኮ በደቡብ ዩክሬን፣ በኬርሶን ክልል፣ ኦሌሽኪ በምትባል ከተማ የኖሩ እናት ነበሩ። የሥዕል ትምህርት አልተማሩም። ሴት ልጃቸውንና ባለቤታቸውን በሞት ካጡ በኋላ፣ በ69 ዓመታቸው ብሩሽ አነሡ። በርካሽ ቀለም የቤታቸውን ግድግዳና ጣሪያ በወፎች፣ በአበቦችና በመላእክት ሞሉት። እ.ኤ.አ. በ2004 ሲያርፉ ቤቱ ቀረ። ሰኔ 2023 የካኮቭካ ግድብ ሲፈርስ ግን ጎርፉ ኦሌሽኪን አጥለቀለቀ፤ ቤታቸውም ውሃ ገባበት፤ ሥዕሎቹ ክፉኛ ተጎዱ። እንደ ቀድሟቸው የሚታዩት አስቀድሞ በተነሡ ፎቶግራፎች ላይ ነው።

እንግዲህ እስቲ አስቡት። እንዲህ ያለውን ፎቶግራፍ በስልካችን ብናየው ስንት ሰከንድ እንቆይበታለን? በጣታችን ገፋ አድርገን እናልፈዋለን። ፐዝል ግን አያሳልፍም። አንዲት ሰማያዊ ቁራጭ ይዛችሁ፣ ሰማይ ናት ወይስ የወፍ ክንፍ እያላችሁ ሩብ ሰዓት ትቆያላችሁ። የብሩሹ ምት ወዴት እንደዞረ ትለያላችሁ። ሰውን ማክበር የሚጀምረው ጊዜ ሰጥቶ ከማየት ነው፤ ይህ ለሥራውም ይሠራል።

ነገር ግን ራሳችንን አናታልል። ገጥመን ስንጨርስ ያዳንነው ነገር የለም። ግድግዳው አልተመለሰም፤ ቤቱን ያጡት ሰዎችም ዕንባቸው አልታበሰም። በቁራጮቹ መካከል የሚታየው ስንጥቅ ይህንኑ ይነግረናል። ጠረጴዛ ከብበን፣ ሻይ እየጠጣን፣ «እንዴት ያምራል!» ብለን ብቻ ከተነሣን፣ የሌላውን ሐዘን ለመዝናኛ ተጠቅመንበታል።

ታዲያ መለያው ምንድን ነው? በመጽሐፈ ኢያሱ እስራኤላውያን ከዮርዳኖስ አውጥተው ያቆሟቸውን 12 ድንጋዮች አስታውሱ። ድንጋዮቹ መሻገሩን ራሱን አይደግሙትም፤ የቆሙት ልጆች አይተው እንዲጠይቁ፣ አባቶችም እንዲመልሱ ነበር። ፐዝሉም እንዲሁ ነው። ታናሽ ወንድማችሁ «ይህን የሣለው ማን ነው? አሁንስ የት አለ?» ብሎ ቢጠይቅና እውነቱን ብትነግሩት፣ ጨዋታው መታሰቢያ ሆነ። ጠያቂም መላሽም ከሌለ ግን የተቆራረጠ ካርቶን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ፐዝል ካለቀ በኋላ ይፈርሳል፤ ወደ ሣጥኑም ይመለሳል። ይህ ጉድለት አይምሰላችሁ። ትዝታም አንድ ሰው አንድ ጊዜ ገጥሞ የሚጨርሰው አይደለም፤ ሌላው ደግሞ ከመጀመሪያዋ ቁራጭ ሊጀምረው ይገባል። ስለዚህ ሣጥኑን ለወዳጃችሁ ስታውሱት፣ የሠዓሊውን ስምና የሥራውን ዕጣ አብራችሁ ንገሩት።